እሳቱ የማን ነበር?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በምግብ ዝግጅት ክፍል አባላት የቀረበ ንግግር)

ንግግሩ በመጽሔታችን ታትሞ እንደሚወጣ ተነግሮናል፤ በርቀት ያላችሁ ደጋፊዎቻችንም ታነቡታላችሁ።

ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ደጅ ላይ ስለሚነድ የማብሰያ እሳት ነው። ርዕሱ ሲነገረን ከክፍላችን አንዷ እኅት ሳቀችና «ደግሞ እሳት ማንደድም ልንማር ነው?» አለች። መሳቋ አይፈረድባትም። እዚህ ከተቀመጥነው አብዛኞቻችን ሰባት ዓመት ሳይሞላን ክብሪት ጭረናል። እናቶቻችን ጎንበስ ብለው እፍ ሲሉ አይተን እፍ ብለናል። ጥቂቶቻችን ደግሞ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባችን አውርደን፣ ሸጠን፣ በዚያ ልጅ አሳድገናል። ማገዶን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም ብንል ውሸት አይሆንብንም።

ይሁን እንጂ የምናውቀው የጓዳ እሳት ነው። የጓዳ እሳት ቦታው አይለወጥም፣ ድስቱ ትንሽ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለቤት አለው። ባለቤቷ የቤቱ እመቤት ናት፤ ስትተኛም ስትነሣም ልቧ እዚያ ነው። ማኅበራችን የድግስ ምግብ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ግን እንጀራችን የሰው ግቢ እሳት ሆኗል። ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት፣ ለተዝካር ሲጠሩን ሰታቴውንና ጭልፋውን ጭነን እንሄዳለን። ስንደርስ ድንጋይ እንፈልጋለን፣ ጉልቻ እንጎልታለን፣ ሦስት አራት ቦታ እናነዳለን፤ ማታ ትተነው እንመጣለን። ይህ እሳት የማን ነው ብለን ጠይቀን አናውቅም ነበር። ባለፈው ጥር አንዲት አሮጊት እስኪጠይቁን ድረስ።

ብዙዎቻችሁ ወሬውን ሰምታችኋል፤ ግማሹን እንደሰማችሁም እናውቃለን። ዛሬ ሙሉውን እንናገረው።

የሰርግ ሥራ ነበር። ሙሽሮቹ ሄዱ፣ እንግዳው ተበተነ፣ ዕቃው ታጠበ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ ሆኗል። ሦስት እሳት ነበረን። ሁለቱ ላይ ውኃ ደፍተናል። ሦስተኛው የዕቃ ማጠቢያ ውኃ ስናፈላበት ያመሸንበት ስለነበረ ፍሙ ብዙ ነው። በርሜሉ ደግሞ ባዶ ሆኗል። ከእኛ አንዷ ዳር ዳሩን ያለውን አመድ ሰብስባ ከመረችበት። ሌላዋ አፈር ጨመረችበት። ቀይ የሚታይ ነገር ጠፋ፣ ጭሱም ቆመ። መኪናው በር ላይ ይጠብቀን ነበርና ሄድን።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የዚያ ቤት የአራት ዓመት ልጅ ኳሱን ተከትሎ በባዶ እግሩ ሮጦ ያንን ክምር ረገጠው። ከላይ ሲያዩት ግራጫ አመድ ነው። ከሥር ግን ረመጥ ነበር። ልጁ ስለደነገጠ ወዲያው አልወጣም፤ ሁለተኛውንም እግሩን አስገባው። ሰው ሮጦ ደረሰ፤ በደግነት የጥርስ ሳሙና ቀቡት። ጤና ጣቢያ ሲደርስ መጀመሪያ የተደረገለት ነገር ያንን ሳሙና ከቁስሉ ላይ ማጽዳት ነበር፤ ጩኸቱን እናቱ ነግራናለች፣ እዚህ አንደግመውም። አምስት ሳምንት መሬት አልረገጠም። ዛሬ ድኖ ይሮጣል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሕክምናውን ወጪ ከቁጠባችን አውጥተን ከፍለናል፤ በዚያ ወር ብድር የጠየቃችሁ አባላት «ቆዩ» የተባላችሁት ለዚህ ነበር።

ልጁን ልንጠይቅ የሄድን ዕለት ስድብ ጠብቀን ነበር። ማንም አልሰደበንም። ቡና ተፈላልን። የልጁ አያት ፍሬውን እየለቀሙ ቀስ ብለው፣ «ልጆቼ፣ እሳቱ የማን ነበር?» አሉን። ነገሩን የሚያውቁት መስሎን «የእኛ ነው እማማ» አልን። «እሱንማ አውቃለሁ። ከእናንተ የማን?» አሉ። ስድስት ሴቶች ነበርን። አመድ የከመረችው አፈር የጨመረችውን አየች። አፈር የጨመረችው ድስት ስታጥብ የነበረችውን አየች። መልስ አልነበረንም።

እኅቶች፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ያን ሌሊት እኛ ያደረግነው ነገር ምን ይባላል? «እሳት አጠፋን» ብለን ነው የሄድነው። ነገር ግን አመድና አፈር በፍም ላይ መከመር በእናቶቻችን ቋንቋ ማጥፋት ሳይሆን ማዳፈን ነው። ክብሪት ውድ በነበረበት ጊዜ፣ ማታ እሳቱን የሚያዳፍኑት ጠዋት እንዲያገኙት ነው። አመዱ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ይይዛል፤ አየሩም በጥቂቱ ብቻ ስለሚደርሰው ፍሙ ቀስ ብሎ ይበላል እንጂ አይሞትም። ጠዋት ገለጥ አድርጋ፣ ጭራሮ ጣል አድርጋ፣ እፍ ስትለው ይነሣል። የገጠር ልጅ የሆነችው ሁሉ ይህን ታውቃለች። ያን ሌሊት ሁላችንም እያወቅን ረሳነው። እሳቱን ለሊቱ በደንብ አስተኝተን፣ ለልጁ ጠዋት አቆየንለት።

ከዚያ በኋላ በክፍላችን ውስጥ የሆነው ነገር ደስ አይልም፤ ቢሆንም ደጋፊዎቻችን ስለ እኛ ጥሩ ጥሩውን ብቻ እንዲያነቡ አንፈልግም። ተጣላን። «ልጁን መጠበቅ የእናቱ ነው» ያለች ነበረች። «ባለመኪናው ነው ያጣደፈን» ያለች ነበረች። «ታናሿ ናት መቅረት የነበረባት» ብለው ሃያ ዓመት ባልሞላት ልጅ ላይ የጫኑትም ነበሩ፤ ይህ ነውር ነበር፣ በኋላም ይቅርታ ተጠይቃለች። ሁለት ወር ያህል ሥራ አብረን እየሠራን በደንብ አልተነጋገርንም። እንዲያው የራሳችን የተዳፈነ እሳት ሆኖ ነበር ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ የተስማማንበት አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ በማንኛውም ሥራ ላይ፣ ከመነሻችን በፊት፣ አንዲት ሴት በስሟ «የእሳት ባለቤት» ተብላ ትመዘገባለች። ሽንኩርት አትከትፍም፣ እንግዳ አታስተናግድም፣ ዕቃ አታጥብም። ክብሪቱ ከእሷ ኪስ ይወጣል፤ አመዱ ሲቀዘቅዝ የእሷ እጅ ያርፍበታል። ክፍያዋ ከሌሎቻችን ጋር እኩል ነው። ስለ ክፍያው መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን፤ አሁን ሥራዋን እንናገር።

ሥራዋ የሚጀምረው ከቦታው ነው። ባለድግሱ ብዙ ጊዜ «እዚያ ጥግ አንድዱ» ብሎ የሚያሳየን ዕቃ የማይቀመጥበትን ቦታ ነው፤ አጥር ሥር፣ ቆርቆሮ ጥግ፣ የድንኳኑ ጀርባ። ከድንኳኑ ጀርባ የሚመረጠው ምግቡ ቅርብ እንዲሆን ነው። እኛ ግን ድንኳን አጠገብ አናነድም። ሸራው ላይ አንድ ትንታግ ካረፈ ውስጥ የተቀመጠው ሰው የሚሮጥበት በር አንድ ነው። የራሳችን ደንብ ቢያንስ አሥር ሰፊ እርምጃ ነው። አሥር እርምጃ የሌለው ግቢ ከሆነ እሳቱ ይቀነሳል፣ አለዚያም ወጡ እኛ ጋ ተሠርቶ በመኪና ይሄዳል።

ነፋሱ ደግሞ አለ። የጥርና የየካቲት ነፋስ ጠዋት ተኝቶ ከሰዓት በኋላ የሚነሣ ነው። ስለዚህ የእሳት ባለቤት ጠዋት ጸጥ ያለውን አየር አይታ አትወስንም። ትንሽ አቧራ ከመሬት አንሥታ ትበትናለች፤ ወደ ድንኳኑ ወይም ወደ ቤቱ ከሄደ ቦታው ይለወጣል። ቀና ብላም ማየት አለባት። ለድግስ መብራት የተጎተተ ሽቦ፣ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፤ እነዚህ ከእሳት በላይ መኖር የለባቸውም። መሬቱን በሦስት እርምጃ ዙሪያ ትጠርጋለች፣ ሣሩን በዶማ ትልጣለች፣ አንድ ስንዝር ያህልም ትቆፍራለች። አፈሩን አትጥለውም፤ ዳር ላይ ይቀመጣል። ጉድጓዱ ፍሙ እንዳይበተን ይሰበስበዋል፣ ነፋሱንም ይሰብራል።

በሲሚንቶ የተለበጠ ግቢ ሲያጋጥመን ብዙዎቻችን «ንጹሕ ነው» ብለን እንደሰትበት ነበር። ሲሚንቶ በኃይል ሲግል ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም እየፈነዳ ስባሪው ይዘላል። ካልቀረ አንድ ስንዝር የሚሆን አፈር ወይም አሸዋ ከሥሩ ይነጠፋል። በዚሁ እንለፍና ወደ ጉልቻው እንምጣ።

ብሎኬት ጉልቻ አይሆንም። ይህን ጮክ ብለን የምንናገረው ሁላችንም ስላደረግነው ነው። በየግቢው ስለሚገኝ፣ ቅርጹም እኩል ስለሆነ ይመቻል። ግን ውስጡ ባዶ ነው፤ እሳት ሲበላው ይሰነጠቃል። አርባ ኪሎ የሚመዝን የሚፈላ ሰታቴ ተሸክሞ የሚሰነጠቅ ነገር ምን እንደሚያመጣ መናገር አያስፈልግም። ከወንዝ የመጣ ድንጋይም አይሆንም፤ ውስጡ የያዘው ውኃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ያፈነዳዋል። የሚሆነው ደረቅ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ሦስት። አራት አይደለም። ሦስት ድንጋይ ያልተስተካከለ መሬት ላይ እንኳ አይንገዳገድም፤ አራት ሲሆን አንዱ ሁልጊዜ አጭር ነው። ድንጋዮቹ ትንሽ መሬት ውስጥ ይቀበራሉ፤ ከዚያ ባዶው ሰታቴ ይቀመጥባቸውና አንዲት ሴት በሁለት እጇ ትነቀንቀዋለች። ከተነቃነቀ እንደገና ይጎለታል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አይጣፍጥም ይባላል፤ ለወጡ ጣዕም እውነት ይሆናል። ለቆዳችን ግን መጥፎ ጉልቻ መለወጥ ይጠቅማል።

እሳት ከመጫሩ በፊት ውኃ መቅረብ አለበት። ያን ሌሊት የጎደለን ውኃ ነው። አሁን ለእያንዳንዱ እሳት ሁለት ሃያ ሊትር ጀሪካን በቀይ ጨርቅ ታስሮ ይቀመጣል። ቀይ ጨርቅ ያለበት ውኃ ለወጥም፣ ለቡናም፣ ለሙሽራ እግርም አይነካም። አንድ ባልዲ አሸዋ፣ አንድ አካፋ፣ አንድ ወፍራም የጥጥ ጋቢ አብሮ ይቆማል።

ማገዶው ደረቅ ፍልጥ ይሁን። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከመጣ ጀምሮ አዲስ አበባን ያሞቃት እሱ ነው፤ ውለታውን አንክድም። ቅጠሉ ግን ዘይት አለው። ለማቀጣጠል ጥሩ ነው፣ ድስት ሥር ላይ ግን በድንገት ቦግ ይልና ወላፈኑ ፊት ይለበልባል። ስለዚህ ቅጠል መጀመሪያ ላይ ብቻ፣ በትንሹ። ከዚያ ጭራሮ፣ ከዚያ ቀጭን ፍልጥ፣ ከዚያ ወፍራም። ረጅም ግንድ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ አይቀመጥ፤ በጨለማ ቀሚስ ይይዛል፣ ሰው ያደናቅፋል፣ ሲረገጥም ጉልቻውን ያናጋል።

ላምባና ቤንዚን ስለሚደፉ ሰዎች ብዙ አንናገርም። በማኅበራችን ሥራ ላይ ፈጽሞ ክልክል ነው። እሳቱ እምቢ ካለ ማገዶው እርጥብ ነው ማለት ነው፤ ይለወጣል። ፌስታልና ጎማ ማቀጣጠያ ማድረግም እንዲሁ ይቅር፤ ጭሱ ደረት ይጎዳል፣ የቀለጠው ፕላስቲክም የተንጠባጠበበትን ቆዳ አይለቅም።

ስለ ጭስ ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ያ የጓዳ ጭስ ነው፤ ደጅ ላይ አየር አለ ብለን እንጽናና ይሆናል። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ሰታቴ ላይ አጎንብሳ የምታማስል ሴት ደጅም ብትሆን ትጠጣዋለች። ከነፋሱ በኩል እንቁም፣ እንቀያየር፣ ልጅ አዝለን እሳት አጠገብ አንምጣ። ከመካከላችን ሌሊት ሌሊት የምታስለው ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን።

ልብስን በሚመለከት፣ ስታማስል ነጠላ የምትለብስ ሴት ነጠላዋን የእሳት ባለቤት ትቀበላታለች። አትቀየሟት። ጫፉ ተንጠልጥሎ ወደ እሳት የሚገባው ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ቁሌቱን ስታይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዓይኗ ድስቱ ውስጥ ነው። ናይለን ቀሚስና ናይለን ሻሽ የባሰ ነው፤ ሲነድ ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የጥጥ ቀሚስ፣ እጅጌው የተሰበሰበ፣ በላዩ ሽርጥ። ነጠላ ጫማም አይሆንም፤ የተሸፈነ ጫማ ይደረግ። ሰታቴ ሲወርድ ሁለት ሴቶች ይይዙታል፣ በደረቅ ጨርቅ፤ እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን ወዲያው ወደ እጅ ያሳልፋል። አንዷ «እናንሣ» ትላለች፣ ሌላዋ ሳትሰማ አታነሣም።

የድስቱ ዘይት ከነደደ ውኃ አይደፋበትም። ውኃው ከሥር ገብቶ በአንዴ እንፋሎት ይሆንና የሚነደውን ዘይት ወደ ሰው ፊት ይረጨዋል። ክዳኑ ይከደናል፣ ከሥሩ ማገዶው ይሳባል፣ ድስቱ እስኪቀዘቅዝ አይከፈትም፣ አይንቀሳቀስም። ክዳኑ ስለዚህ ከድስቱ አጠገብ እንጂ ጠረጴዛ ሥር መሆን የለበትም።

የሰው ልብስ ከያዘው ደግሞ መሮጥ የለም፤ ሩጫ ነፋስ ነው። ባለችበት መሬት ላይ ትጋደማለች፣ ፊቷን በእጇ ሸፍና ትንከባለላለች፤ እኛ ጋቢውን እንጥልባታለን። የተቃጠለ ቆዳ ላይ ንጹሕ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ለሃያ ደቂቃ፤ በረዶ አይደለም። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይወልቃል፤ ከቆዳ ጋር የተጣበቀ ጨርቅ ግን አይጎተት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቡና ዱቄት፣ እንቁላል፣ ጭቃ ምንም አይቀባ። በንጹሕ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ይሸፈንና ወደ ሕክምና። ልጅ ከሆነ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ እግር ከሆነ «ትንሽ ነው» ብሎ መቆየት የለም። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፤ ባለፈው ወር በሰዓት ይዘን ሞክረነዋል፣ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሁላችንም «ይበቃል» ብለን ነበር። የእሳት አደጋ ስልክ በአዲስ አበባ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ በእያንዳንዱ ሰታቴ ክዳን ላይ በቀለም ጽፈነዋል።

ልጆች ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፤ ድግስ ነውና። «ሂዱ» ብሎ መጮህ አምስት ደቂቃ ነው የሚሠራው። አሁን በእሳቱ ዙሪያ በሦስት እርምጃ ላይ ነጭ ዱቄት እንበትናለን፣ ለልጆቹም «ከዚህ መስመር ውጭ ሆናችሁ ካያችሁ ዳቦ አለ» እንላለን። ዳቦው ከእኛ ነው። ይሠራል።

አሁን ወደ ማጥፋቱ። ማጥፋት የሚጀምረው ሥራው ከማለቁ አንድ ሰዓት በፊት ነው፤ የእሳት ባለቤት አዲስ ማገዶ መጨመር ታቆማለች፣ ያልተቃጠለውን ፍልጥ ስባ ለብቻው ታጠፋዋለች። ከዚያ ውኃ። በአንዴ አይደፋም፤ በአንዴ ከተደፋ ትኩስ እንፋሎትና አመድ ፊት ላይ ይነሣል። ከነፋሱ በኩል ቆማ፣ በጣሳ፣ ቀስ እያለች ትረጫለች። ከዚያ በአካፋ ትገለብጠዋለች። እንደገና ውኃ። እንደገና መገልበጥ። ሽሽሽ የሚለው ድምፅ እስኪጠፋ። ጉልቻዎቹም ይገለበጣሉ፤ ፍም ከሥራቸው ይደበቃል። አመዱ እንደ ቀጭን ጭቃ ሲሆን የእጇን ጀርባ መጀመሪያ ከላይ ታንሳፍፋለች፣ ሙቀት ካልተሰማት ታሳርፋለች። እጅ የማያርፍበት እሳት አልጠፋም። ያስቀመጥነው አፈር የሚመለሰው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው፣ ከዚያ በፊት ከተመለሰ ማዳፈን ይሆናል።

ሁለት ነገር ደግሞ ከልምድ። አንደኛ፣ የጠፋውን ከሰል ለቤታችን መውሰድ እንወዳለን፤ እንውሰድ፣ ግን በማግሥቱ ወይም ክዳን ባለው ቆርቆሮ። አንድ ጊዜ በማዳበሪያ ከረጢት የጫንነው መኪና ላይ መጭሰስ ጀምሯል። ሁለተኛ፣ ሌሊት ሲበርድ ፍሙን በከሰል ምድጃ ወደ ክፍል ይዘን ገብተን በር ዘግተን ቡና ማፍላት። የከሰል ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ራስ ያማል፣ እንቅልፍ ይጥላል፣ እንቅልፉም አንዳንዴ አያስነሣም። ይህም የእሳት ባለቤት ሥልጣን ነው፤ «አይገባም» ካለች አይገባም፣ ሰብሳቢዋም ብትሆን።

ደጋፊዎቻችን ስትጎበኙን «ለምን ይህን እሳት ትታችሁ በኤሌክትሪክና በሲሊንደር ጋዝ አትሠሩም?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ቤታችን ውስጥ ብዙዎቻችን ላቀችና ምርጥ ምድጃ ገዝተናል፤ ማገዶ ቀንሶልናል። ነገር ግን ለአራት መቶ ሰው የሚሆን ሰታቴ እነዚያ ላይ አይቀመጥም። መብራት በሰርግ ዕለት ሊጠፋ ይችላል፤ የጋዙ ዋጋ ደግሞ ትርፋችንን ይጨርሰዋል። ቀስ በቀስ እንሄዳለን። እስከዚያው የምንለምነው ትንሽ ነው፤ ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ የተሸፈነ ጫማ፣ ሁለት የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር።

ስለ ክፍያው። አንዳንድ ባለድግስ «ቁጭ ብላ እሳት ለምታይ ሴት አልከፍልም» ብሎናል። ሁለት ሥራ በዚህ ምክንያት አምልጦናል፤ ሁለቱም ጥሩ ሥራ ነበሩ፣ ልባችን አዝኗል። ከዚያ ወዲህ ለብቻ አንጠራውም፤ እንደ ሽንኩርቱና እንደ ዘይቱ በዋጋው ውስጥ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ ያ የሰርጉ ቤት ለክርስትና ጠራን። እንደማይጠሩን እርግጠኞች ነበርን። ማታ ሥራው ሲያልቅ የእሳት ባለቤት የነበረችው ያቺ ታናሻችን ናት፤ ራሷ ጠይቃ ነው የተመዘገበችው። ሁላችንንም በመኪናው ሸኘችና ከባለመኪናው ወንድም ጋር ቀረች። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አያትየውን ከነከዘራቸው ይዛ ወጥታ፣ «እማማ፣ እጅዎን ያሳርፉልኝ» አለቻቸው። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ሦስቱንም ዳሰሱ። ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ «የማን እንደነበረ አሁን አወቅሁ» ብለው ገቡ። አሁን ይህ ደንባችን ሆኗል፤ አመዱን ለቤቱ ሰው በእጅ አስዳስሰን ነው የምናስረክበው።

የቀረን አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። የእሳት ባለቤት ከሁላችን ሁለት ሰዓት ዘግይታ ነው የምትወጣው፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም፣ ቢኖርም ዋጋው ሌላ ነው፣ መንገዱም ለሴት ብቻዋን አይሆንም። የክፍላችን ሐሳብ የመመለሻዋ መኪና ከጋራው ገቢ እንዲከፈልና አንዲት ጓደኛ አብራት እንድትቀር ነው። ይህ ከእያንዳንዳችን ድርሻ ጥቂት ይቀንሳል። ሒሳቡን በወረቀት ጽፈን በር ላይ ለጥፈነዋል፤ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ እጅ እናወጣበታለን። እስከዚያ የቅዳሜው ሥራ የእሳት ባለቤት አልተመዘገበችም፤ ስሟን የምትሰጥ ካለች ከስብሰባው በኋላ እዚህ ጠረጴዛ ጋ እንጠብቃለን።